ለድንቢጥ የተቀመጠ ጠርሙስ

ጥቅምት 3

ይድረስ ለትንሹ አያቴ፣ ላላየሁዎት ግን ለማማዎት፤

ከሰላምታ በፊት ኑዛዜ ይቅደም። ቀኝ እጄን አንሥቼ፣ ግራ እጄን ከከረጢቱ አውጥቼ፣ በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ የሚከተለውን አምናለሁ፦ ከላኩልኝ የገብስ ብቅል ውስጥ ሦስት እፍኝ ያህሉ በአፌ በኩል ወደማይመለስበት ሄዷል። መጀመሪያ አንዲት ፍሬ ብቻ ነበረች፣ ለምርመራ። ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን ለማረጋገጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ብቅል እንዲህ ብስኩት ብስኩት እንደሚል አስቀድመው ስላልነገሩኝ ግን እርስዎም ከነገሩ ንጹሕ አይደሉም።

አሁን ሰላምታው። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ሥራው፣ ቤቱ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ከአያቴ ኩርፊያ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ኩርፊያውም በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል።

እንዳይደናገሩ ራሴን ላስታውስዎ። ባለፈው ክረምት «ሥራዎ ምንድን ነው? እዚህ ቤት ስለ እርስዎ ስጠይቅ ሁሉንም ሰው ሳል ይይዘዋል» ብዬ የጻፍኩልዎ የወንድምዎ የልጅ ልጅ ነኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድ ቦታ አርፌ ስለማልቀመጥ አያቴ ፌንጣ አለኝ፣ ፌንጣ ሆኜ ቀረሁ። መልስዎን በወረቀት ስጠብቅ በከረጢት ላኩት፦ ብቅል፣ ሆፕ የሚባለው መራራ የደረቀ አበባ፣ አንዲት የእርሾ ፓኬት፣ እና «ቢራ እጠምቃለሁ። ደስ ካለሽ አንቺም ሞክሪው» የምትል አንድ መስመር። አንድ ነገር ሲጠየቅ ባጭሩ የሚመልስ ሽማግሌ በዘራችን መኖሩን አላውቅም ነበር። የኛው «ስንት ሰዓት ነው?» ሲባል ሰዓቱን ከገዛበት ቀን ነው የሚጀምረው።

እማዬ ፈቅዳለች። ልብስ ንጽሕና ቤት ነው የምትሠራው፤ እድፍ አይታ የሰው ገመና የምታውቅ ሴት ስለሆነች ምንም ነገር አይደብቋትም። «ጠማቂ መሆን ትችያለሽ፤ ጠጪ አትሆኚም» ብላ ቃል አስገብታኛለች።

አያቴ ግን ከረጢቱ ላይ የላኪውን ስም ሲያይ መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ መልሶ አደረገና «ያ ሰውዬ ገና አለ?» አለ። ከዚያ መፍቻውን ይዞ ወጥ ቤት ገባና ያልተበላሸውን ቧንቧ መጠገን ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ ሠራተኛ ስለነበር ማንም ተው አይለውም። እኔም የእርስዎን መስመር ጮክ ብዬ ለእማዬ አነበብኩላት፤ መፍቻው ዝም አለ፣ ሳበቃ እንደገና መንኳኳት ጀመረ። ማታ ከዕቃ ቤት አንድ ጎኑ የጎደጎደ ትልቅ ድስት አውጥቶ መተላለፊያው ላይ አስቀምጦት ተኛ። እማዬ ጨለማ ውስጥ ተደናቅፋበት የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

እንዴት እንደሚጠመቅ ዝርዝሩን ይላኩልኝ። እማዬ ደግሞ እንደ ሰው ለምን አይደውልም ትላለች። ቁጥራችንን ከታች ጽፌያለሁ፤ ስልክ ሲጮኽ ቀድሞ የሚያነሣው አያቴ መሆኑን ግን አውቀው ይግቡበት።

ከሳሽም ተከሳሽም የሆነችው፣
ፌንጣ


ጥቅምት 25

ለወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ለፌንጣ፤

ዕድሜሽ ይርዘም፤ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ አፍሽ የነካው ግን ይቀነስ። ከሩቅ አገር የምልክልሽ ምርቃት ይኸው ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እንዲህ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ። ስለ ብቅሉ አትጨነቂ፤ ውሃውን ትንሽ ብትቀንሺ ይካካሳል። የእኔም ዕዳ ካንቺ አያንስም። ልጅ ሳለን እናታችን ገብስ የምታስቀምጥበት ጆንያ ነበር፤ ጆንያው ውስጥ እስከ ብብቴ ገብቼ ስበላ ጋሼ፣ ማለቴ አያትሽ፣ በር ላይ ይደርስብኝና «አንተ ድንቢጥ! ውጣ ከዚያ!» ይለኝ ነበር። እህል የምትሰርቅ ትንሽ ወፍ ማለቱ ነው። ስሙ ጸናብኝና የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ድንቢጥ ይለኝ ጀመር። አሁን በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው የለም።

እንግዲህ ስሚኝ። ብቅሉን ሰባብሪው እንጂ አትፍጪው፤ ልጣጩ ሳይደቅ ከቀረ፣ በኋላ እሱ ራሱ ማጣሪያ ይሆንሻል። ውሃውን አሙቂና ብቅሉን ጨምሪበት፤ ሲቀላቀል ሙቀቱ ስድሳ ስድስት ላይ እንዲያርፍ። እዚያ ላይ ለአንድ ሰዓት በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ተይው። ከቀዘቀዘ ቢራው ቀጭን ይሆናል፣ ከጋለ ደግሞ ከብዶ ይቀራል። ከዚያ ጣፋጩን ውሃ አጥልይው፣ ልጣጩን በሙቅ ውሃ እጠቢና እሱንም ጨምሪው። ሆፑን ከትተሽ አንድ ሰዓት አፍይው። ቶሎ አቀዝቅዢው፤ ዋናው እሱ ነው። በደንብ በታጠበ ባልዲ ከእርሾው ጋር አድርጊና፣ ክዳኑ ላይ አየር መውጫዋን ቀጭን ቱቦ ሰክተሽ ጨለማ ቦታ አኑሪው። ሁለት ሳምንት ሲሆነው ጥቂት ስኳር ጨምረሽ ጠርሙስ ውስጥ ትሞይና በቆርኪ ትዘጊዋለሽ፤ ሌላ ሦስት ሳምንት ይጠብቅ።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር ነው። በየደረጃው ምን ምን እንደሚሸት ጻፊልኝ። «ጥሩ ነው» አትበይኝ፤ ምን እንደሚመስል ንገሪኝ።

ስልኩን ለጊዜው ይለፈኝ። ደብዳቤ ይሻለኛል። ለጠርሙሱ መክፈቻ ግን፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ራሴ እመጣለሁ። ይህን ለጋሼ ንገሪው፤ ወይም ቧንቧ ሲጠግን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ድስቱን እሱ ነው ያወጣው ያልሽው እውነት ነው? ጎኑ የጎደጎደው ድስት?

ትንሹ አያትሽ


ኅዳር 8

ይድረስ ለትንሹ አያቴ፤

ሰላምታዬ ሆፕ ሆፕ ቢሸትዎ አይፍረዱብኝ፤ ቤቱ ሁሉ ይሸታል፣ የእማዬ ትራስ ሳይቀር። ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ሰፈርዎ ይሁን ሰላም። ጠመቅን!

«ጠመቅን» ያልኩት በስሕተት አይደለም። አያቴ «እኔ አያገባኝም» ብሎ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ደጃፍ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። ብቅሉን በሊጥ መዳመጫ እየሰባበርኩ ሳለሁ «ዱቄት ልታደርጊው ነው?» አለ። ውሃውን ስጥድ «ክዳን የለውም እንዴ?» አለ። ከዚያ ወንበሩ በገዛ ራሱ ወደ ውስጥ ገባ። ቴርሞሜትሩን ሳወጣ ሙቅ ውሃ ሲነካ የኖረ ሰው መሣሪያ አያስፈልገውም ብሎ ጣቱን ሰደደና ስድሳ ስድስት ነው ሲል ወሰነ። ቴርሞሜትሩ ሰባ አራት አለ። ቴርሞሜትሩ ተሳስቷል ተባልኩ። ጣቱ ለሁለት ቀን ቀልቶ ሰንብቷል፤ እሱን ግን እንዳላየን አለፍነው።

የሚያጠልል ነገር ሳጣ እማዬ ከሥራ ቦታዋ ንጹሕ የልብስ ከረጢት አመጣችልኝ። ጣፋጩ ውሃ በሱ ውስጥ ሲወርድ የማር ቀለም ነበረው። ሽታው እንዲህ ነው፦ አዲስ የተጋገረ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ሲሰጡዎትና ወረቀቱ በእጅዎ ላይ ሲሞቅ፣ እሱን እሱን ይላል። ሆፑን ስጨምር ግን ሌላ ሆነ፤ የብርቱካን ልጣጭ ሲቆረስ፣ ከዝናብ በኋላ የታጨደ ሣር፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ መድኃኒት የሚመር ነገር። አያቴ ድስቱ ላይ አጎንብሶ ዓይኑን ጨፍኖ ሲምግ አየሁት። ማየቴን ሲያይ «ጋዙ ያፈሳል ወይ ብዬ ነው» አለኝ።

አሁን ጉዱን ይስሙ። ማቀዝቀዣው ሰዓት ሲደርስ ድስቱን በረዶ ላይ ላስቀምጥ ስል አያቴ ወጣና፣ ክብ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ የመዳብ ቱቦ ይዞ ተመለሰ። ድስቱ ውስጥ ነከረው፣ አንዱን ጫፍ ከቧንቧው ገጠመው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቀበት፤ ያ ሁሉ የሚፋጅ ውሃ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ቀዘቀዘ። ቱቦው አዲስ አይደለም። ጥጋ ጥጉ አረንጓዴ ነው፣ ቀሪው ግን በቅርቡ በደንብ ተፈትጓል፤ ማን መቼ እንደፈተገው እኔ እንጃ። አንዱ ጫፉ ተጣሟል። ማን አጣመመው ስለው «አንድ ወፍራም ድመት ረግጦት ነው» አለኝ።

ስለ ድንቢጥም ጠየቅሁት። «በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አላውቅም» አለና ባዶውን ድስት ይዞ ወደ ውጭ ወጣ።

አየር መውጫዋ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀምራለች። ታኅሣሥ ቅርብ ነው። አልጋዎን ከየት እንደምናመጣ እማዬ ማሰብ ጀምራለች።

ጣቷ ያልተቃጠለባት፣
ፌንጣ


ኅዳር 27

ለፌንጣ፤

ጤና ከነቤተሰብሽ ይብዛላችሁ። የጻፍሽልኝን ሽታ ደጋግሜ አነበብኩት። የዳቦውን ወረቀት አልረሳውም። ባልዲው አሁን ምን ምን ይላል? ፖም ፖም ይላል? ሙዝ? እንቁላል እንቁላል ካለም አትደንግጪ፣ ያልፋል። ጻፊልኝ።

ያ ወፍራም ድመት እኔ ነኝ። ቱቦውን ጋሼ ነው የሠራው፣ ከሥራው ከተረፈ መዳብ፣ ክፍላችን ወለል ላይ ቁጭ ብሎ። በጠመቅንበት ቀን ደስታዬ ልክ አጥቶ ስዘል ረገጥኩት። ዛሬም ድረስ ያኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

ይህን እናትሽም የምታውቀው አይመስለኝም። ወጣት ሳለን እኔና ጋሼ ጠማቂዎች ልንሆን ነበር። የጓሮዋን ክፍል ጠርገን፣ በእናታችን ድስት፣ የመጀመሪያዋን ትንሽ ጠመቃ አወጣን። ብቅሉን ለመግዛት ጋሼ ብስክሌቱን ሸጠ። ጠርሙሶቹን ዘግተን አልጋው ሥር ደረደርናቸው። ሳይደርሱ ለእኔ እዚህ አገር የጠመቃ ትምህርት ዕድል ወጣልኝ። «ሁለት ዓመት ነው ጋሼ፤ እንዳትነካቸው፣ ስመጣ አብረን እንከፍታቸዋለን» አልኩት። ቃል አስገባሁት። ባቡር ጣቢያ ድረስ ሻንጣዬን የተሸከመው እሱ ነው።

ሁለቱ ዓመት አራት ሆነ። ትምህርቱ አልቆ ሥራ መጣ፤ ሥራው ሲመጣ አንድ ወር ልቆይ አልኩ፣ ሌላ ወር ልጨምር አልኩ። እናታችን ስታርፍም አልመጣሁም። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ? በየዓመቱ ፊቴ እየጠፋ ሄደ። ስንት ሺህ በርሜል ጠምቄያለሁ መሰለሽ፤ የዚያች የጓሮ ቢራ ጣዕም ግን ምን እንደነበረ አላውቅም።

ስለ ታኅሣሡ ጉዳይ፣ ጉልበቴ ትንሽ አስቸግሮኛል። ሐኪሞቹ ጉዞው ይቆይ ብለዋል። የካቲት ላይ ይሆናል። ለጋሼ በዘዴ ንገሪው።

ትንሹ አያትሽ


ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለትንሹ አያቴ፤

እንደ ደንቡ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያችን ግን ደህና አይደለም።

ባለፈው ደብዳቤዬን ፖስታ ቤት አስገብቼ ስመለስ ነው። አያቴ ባልዲውን ሲጎበኝ አየር መውጫዋ ቡልቅ ስትል ሰማ። እኔ ቢራው እየተነፈሰ ነው እላለሁ፤ እሱ የሚሰማው ማፍሰስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሚያፈስ ነገር ሲዘጋ የኖረ ሰው ገዛ ቤቱ ውስጥ ቡልቅ ሲባል እንዴት ይተኛል? ቱቦዋን ነቀላት። ቀዳዳዋን በነጩ የቧንቧ ቴፕ ጠቀጠቃት፣ ማጣበቂያ ለቀለቀባት፣ ክዳኑን በብረት ማሰሪያ ዙሪያውን አጠበቀው። ሥራው በጣም ጥሩ ነበር፤ ምስክርነቴን እሰጣለሁ።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። እማዬ መሬት ላይ ተኛች፤ ልጅ ሳለሁ ፍንዳታ ስትሰሚ መሬት ተኚ ብላ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ቀድማ የተኛችውም እሷ። ስንገባ ክዳኑ መብራቱን ሰብሮ ጥግ ወድቋል፣ ከጣሪያው አረፋ ይንጠባጠባል፣ የእማዬ አንሶላዎች በገመዳቸው ላይ እንዳሉ ቢራ ሆነዋል። አያቴ ከታች ቆሞ ሽቅብ አየና «ክዳኑ ነው ደካማው» አለ። የጠየቁኝ ሽታ ይኸው፦ ፖም አለው፣ ትንሽ ሙዝም፤ ከሁሉ በላይ ግን የራሰ ኖራ ይሸታል።

ባልዲው ውስጥ የቀረውን በሌላ ክዳን ሸፈንኩትና፣ ጊዜው ሲደርስ ሰባት ጠርሙስ ወጣው። ጨለማ ቦታ አስቀምጫቸዋለሁ።

ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል። ደብዳቤዎ ሲመጣ አያቴ መሰላል ላይ ሆኖ ጣሪያውን እየቀባ ነበር፤ እኔም እንደ ልማዴ ለማንም ሳይሆን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ብስክሌቱ ጋ ስደርስ ብሩሹ ቆመ። ጉልበትዎ ጋ ስደርስ ከመሰላሉ ወረደ። ከዚያ ተናገረ፤ እኔን አያይም፣ ብሩሹን ነው የሚያየው። ጠርሙሶቹን አምስት ዓመት አልጋው ሥር አኖራቸው። በየሳምንቱ አቧራቸውን ይጠርግ ነበር። እናታቸው አንዱን ክፈትና ቅመስ ስትለው ቃል አለብኝ ይላት ነበር። እሷ ስታርፍ ይመጣል ብሎ ጣቢያ ሄዶ ቆመ። ባቡሩ ባዶውን መጣ። ያን ዕለት ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ የጓሮው መፍሰሻ ውስጥ ደፋቸው። ቀምሰኸው ነበር ወይ አልኩት። «ጣቴን እንኳ አላስነካሁትም» አለኝ። «የምጠጣው ከሱ ጋር ነበር።»

ከዚያ ደግሞ «አይመጣም። አትጠብቂው። እኔ ይህን መጠበቅ አውቀዋለሁ» አለኝ።

እኔ መቆጣት አልወድም፣ መልኬን ያበላሸዋል። ግን ትንሹ አያቴ፣ ጉልበት ነው ያሉት? ቢራ በጉልበት ይጠጣል እንዴ? በሌላኛው እግርዎ ይምጡ! መምጣቱስ ይቅር፤ ስልክ አንሥቶ «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» ለማለት ምን ያንሳል? ጉሮሮዎ ተዘግቶ ነው? ወይ ይምጡ፣ ወይ ቃል መግባቱን ይተዉት። የዚህ ቤት አልጋ ሥር በቃል ሞልቷል።

ፌንጣ


የካቲት 12

ለፌንጣ፤

እደጊ፣ ከፍ በይ። ሳልመልስልሽ ብዙ ቆየሁ። ተቀይሜሽ አይደለም፤ ይህን መጀመሪያ እወቂልኝ።

ጉሮሮዎ ተዘግቶ ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። አዎ፣ ልጄ። ባለፈው ዓመት ጉሮሮዬ ውስጥ ክፉ ነገር ተገኘና ሐኪሞቹ ሲያወጡት ድምፄም አብሮ ወጣ። አንገቴ ላይ ቀዳዳ አበጅተው ቱቦ አስገቡልኝ፤ የምተነፍሰው በሱ ነው። አየር በአፍንጫዬ ስለማያልፍ ማሽተትም እምብዛም የለኝም። ምግብ የሚገባልኝ በሌላ ቱቦ፣ በሆዴ በኩል ነው። ጉልበቴ እንደ ፈረስ ነው፤ እሱን የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽ ክረምት ላይ ሲደርሰኝ ከምሠራበት የቢራ ፋብሪካ ከወጣሁ ወር አልሞላኝም ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ በአፍንጫዬ እንጀራ በልቻለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ጋኑ ላይ አጎነበስኩና ምንም አልመጣልኝም። ያንቺ ጥያቄ ሲመጣ፣ እንግዲህ ይህች ልጅ ትሽተትልኝ አልኩ። ከረጢቱን የላክሁት ለዚህ ነው። ጋሼ ድስቱን ያወጣል ብዬ አልሜም አላውቅም።

እመጣለሁ ያልኩት ስጽፈው እውነት ይመስለኝ ነበር። ሌሊቱን ግን አስበዋለሁ። አርባ ዓመት ቆይቼ ደጁን ሳንኳኳ፣ ጠርሙስ ከፊታችን ቢቀመጥ አልጠጣ፣ ይቅርታ ልለው ብል ድምፅ የለኝ፣ ቢራው እንዴት ነው ቢለኝ አላሸት። ቁጭ ብዬ ላፏጭበት ነው የምሄደው? ስተነፍስ ቱቦው ያፏጫል።

ስለ ጣቢያው አላውቅም ነበር። ይመጣል ብሎ ቆሞ እንደጠበቀኝ አላውቅም ነበር። ይህን ያወቅሁት ዛሬ፣ ድምፅ አጥቼ መልስ በማልሰጥበት ጊዜ ነው፤ የእጄን አገኘሁ።

በሚቀጥለው ወር እንደገና ሊከፍቱኝ ነው። ትንሽ ነገር ነው ይላሉ። ለጋሼ ይህን አታንብቢለት፤ ለቧንቧው ሰላም ይስጠው። ጠርሙሶቹን ከፍታችሁ ጠጡ። አንቺ ከንፈርሽን ብቻ። ምን ምን እንደሚል ጻፊልኝ።

ድንቢጥ


መጋቢት 4

ይድረስ ለትንሹ አያቴ፤

በምን ሰላምታ እንደምጀምር ሳስብ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን የጉሮሮ ነገር ስጽፈው ብልጠት መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ጽፌ ስጨርስ ለራሴ ሳቄ መጥቷል። አሁን ያቺን መስመር ባሰብኳት ቁጥር ፊቴን በትራስ እሸፍናለሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እርስዎ ግን «እደጊ» አሉኝ፤ እሱ ባሰብኝ።

ሁለተኛ ጥፋት፦ አታንብቢለት ያሉትን አነበብኩለት። ልደብቅ ሞክሬ ነበር። ደብዳቤውን ሲያይ አያቴ መፍቻውን አንሥቶ ወጥ ቤት ገባ፤ እኔ ዝም አልኩ። እሱ ቧንቧውን አንኳኳ። ዝም አልኩ። ጮክ አድርጎ አንኳኳ። በመጨረሻ አንገቱን አወጣና «ዛሬ ለግድግዳው አታነቢለትም?» አለኝ። አነበብኩ። መፍቻው አንድ ጊዜም አልጮኸም።

ሲያልቅ መፍቻውን አስቀመጠ። ከዚያ የጠየቀኝን ቢገምቱ አያገኙትም። «ቱቦውን ማን ነው ያስገባለት?» አለ። ሐኪም ነው አልኩት። «አጥብቆታል? ያፏጫል ነው ያለው? ያፏጫል ማለት አንድ ቦታ አልገጠመም ማለት ነው» አለና ስለ መገጣጠሚያ፣ ስለ ጎማ ቀለበት፣ ሰው ሥራውን ስለማያውቅበት ዘመን ሲናገር ሲናገር፣ መሐል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። እማዬ ተነሥታ ውሃ ሰጠችው። አልጠጣውም፣ ያዘው ብቻ።

ማታ እራት ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ «መናገር ካልቻለ ደግ ነው። እኔ የአርባ ዓመት ንግግር አለኝ፤ እሱ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ቢራውንም እኔ እጠጣለታለሁ። ጣቢያ መጥቼ ሻንጣውን አልሸከምም፣ ወገቤን ያመኛል። ይህን እንዲያውቅ።» ይህን ካለ በኋላ የባቡር ሰዓት የሚለጠፍበት ሰሌዳ ዛሬም በድሮው ቦታ ነው ወይ ብሎ እማዬን ጠየቃት።

አሁን ቢራው። አንዱን ጠርሙስ እሑድ ከፈትነው። ቆርኪው ሲነሣ ትንሽ ተነፈሰ፤ አያቴ እጁን ጠርሙሱ አፍ ላይ ሊያደርግ ሲል እማዬ ያዘችው። ቀለሙ ደብዛዛ ነው። ሽታው እንዲህ ነው፣ በደንብ ያንብቡ፦ መጀመሪያ የደረቀ ሣር የተኛበት ክፍል፤ ከዚያ ያ የዳቦ ወረቀት፣ አሁን ግን ቀዝቅዟል፤ መጨረሻ ላይ ያልበሰለ ፖም ሲገመጥ ጥርስ ላይ የሚቀረው ነገር። ትንሽ ይጎመዝዛል። ክዳኑ ከተፈናጠረ በኋላ የገባበት ነው፤ እኛ ቤት ግን ይህን የሚል የለም። እኔ ከንፈሬን ብቻ ነካሁ። አያቴ ጉንጩ ውስጥ ይዞት ቆየ። ዋጠው። «እንዴት ነው?» አልኩት። «እኔ እንጃ» አለ፤ «ያቺ የጓሮዋም እንዲህ ነበረች ይሆን?» ብርጭቆውን ግን አልጨረሰውም። ሁለተኛ አልቀዳም።

ከቀሩት አንዱን ክፍሉ ወሰደው። አልጋ ሥር አይደለም፤ መስኮቱ ላይ፣ ብርሃን እንዳያገኘው በካልሲ ሸፍኖ። አቧራውን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ቀኑ አልፎበት ቢበላሽስ ስለው «የሚመጣው ሰው እንደሁ አይጠጣውም፤ ምን ይጎዳዋል?» አለኝ። ፊቱን አዙሮ ነው ይህን ያለኝ።

ከርስዎ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። የሚከፈቱበት ወር ይኸኛው ነው። ፖስታ ቤት በሄድኩ ቁጥር አያቴ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያስራል፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። ባዶ እጄን ስመለስ ጫማውን አውልቆ ይገባል። እኔም የምቀልደው ነገር አጣለሁ። ይህ ለኔ ትልቅ ሕመም መሆኑን ይረዱልኝ።

ሌላም ወሬ አለ። ባለፈው ሳምንት አያቴ ራሱ ሄዶ ብቅል ገዛ፣ አንድ ሙሉ ጆንያ። የመጀመሪያው ክዳኑ ደካማ ስለነበረ አይቆጠርም አለ። የመዳቡን ቱቦ ደግሞ ፈትጎታል፤ የተጣመመውን ጫፍ ግን አላቃናውም። ላቃናው ስል መዶሻውን ነጠቀኝ። ነገ እንጠምቃለን። ሲደርስ ግንቦት ይሆናል። ግንቦት ላይ ብርዱ ያልፋል፣ መንገዱም ጥሩ ነው፣ አልጋም አግኝተናል። ቃል ይግቡ አልልዎትም። አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልን፤ ደህና ነኝ የሚል ቢሆን ይበቃል።

ይህን የምጽፈው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ነው። አንዱ እጄ ይጽፋል። ሌላኛው ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ፤ በዘር የመጣ ነው። ይህኛው ብቅል ከርስዎኛው ይልቅ ጠቆር ያለ ነው፣ የተጠበሰ ነገር የተጠበሰ ነገር ይላል፣ ጫፉ ላይ እንደ

እዚህ ላይ መጻፌን አቋረጥኩ፤ ከመተላለፊያው የእግር ኮቴ መጣ። ዛሬ ምንም ቧንቧ አልተበላሸም። በሩ ተከፈተ፤ አያቴ እጄን አየ፣ ጉንጬን አየ፣ ጆንያውን አየ። ተቆጣ። አፉን ከፈተና፣ ራሱም ሳያስበው ይመስለኛል፣ ጮኸ፦

«አንተ ድንቢጥ! ውጣ ከዚያ!»